አራት ጣት ሸራ

ደብረ ብርሃን፣ ከሆቴሉ ሳሎን፣ ከሶፋው በላይ
አንኮበር ተሰቅሏል፤ ገደል፣ ጉም፣ ሰማይ።
ክፈፉን ነቀዝ በልቶት፣ አንድ ጎኑ ላልቶ
አቶ ጌጤነህ ጠራኝ፣ ስልኬን ከሰው አግኝቶ።

ሥዕሉ ውብ ነው፤ ውሸት አልናገርም።
ጉሙ ከቆላ ሲወጣ፣ ጥዱ ለብቻው ሲቆም፣
ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ እንደ ሰም ስትቀልጥ፣
መዶሻዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ ሳፈጥ።

ግን ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ።
አያቴ የጌታውን እህል በጀርባው አውጥቶበታል፤ ከአባቴ ሰምቻለሁ።
ያ አረንጓዴ ሜዳ ሁዳድ ነበር ያኔ፣
የሰው ጉልበት ያለቀበት፣ ያለ ምንዳ፣ ያለ ቅኔ።
ጌታው ከሰገነት ቁልቁል እያየ
"እንዴት ያለ አገር!" ሲል፣ ሜዳው ከገበሬው ተለየ።
ቆሞ የሚያይ ሰው እግሩ ያልዛለ ነው፣
ጀርባው ባዶ የሆነ፣ ቀኑ የራሱ የሆነው።
የተሸከመ ሰው ግን አድማስ አያውቅም፤
ከፊቱ ከሚሄደው ተረከዝ ሌላ አይታየውም።
የአያቴ መልክዓ ምድር ተረከዝ ነበረ፣
ንቃቃቱ እንደ ገደል፣ ጭቃ የሞላው፣ የጠቆረ።

ምስማሩን ስነቅል ሸራው ተላቀቀ፤
ወደ ኋላ የታጠፈው ጠርዝ፣ አራት ጣት ያህል፣ ተፈለቀቀ።
እዚያ፣ አቧራ በበላው እጥፋት፣
ሰው አለ።
እንጨት የተሸከመች ሴት፣ የጎበጠ ወገብ፣ የላላ መቀነት፣
ከሥዕሉ እየወጣች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ምንም።
ከፊቷ ሌላ ሰው፣ ትከሻ ብቻ የቀረው፤
ዓይኑ ባለበት ቦታ ምስማር ነው የነበረው።

ማን አጠፋት?
"ጠ" ቢጠብቅ እጥፋት ነው፣ "ፋ" ቢጠብቅ ጥፋት፤
ከሶፋው ሆኖ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤
ባዶ ኮረብታ፣ ዕረፍት።
ሰዓሊው ይሆን? ሸራውን የገዛው ይሆን?
ወይስ ክፈፉ ጠቦት፣ እንደኔ ያለ አናጢ፣
ሂሳቡን ተቀብሎ የመሸበት፣ አውቶብስ ጠባቂ?

"አቶ ጌጤነህ" አልኩት፣ "ክፈፉን ላስፋው አራት ጣት?
እንጨቱ ከራሴ ይሁን፣ ዋጋም አልጠይቅበት።"
ጎንበስ ብሎ አያት። ብዙ ቆየ።
"አየህ" አለኝ፣ "ሰው ካለበት እንግዳው አያርፍም፤
የት ትሄዳለች ይላል፣ ከብዷት ይሆን ይላል፣ ቢራውን አይጨርስም።
የሚከፍለን ለጉሙ ነው።"

እውነቱን ነው።
ክፉ ሰው አይደለም። እናቱ እንጨት ሸጣ
እንዳሳደገችው ያወቅሁት ኋላ ነው፣ ሻይ ስንጠጣ።

ዛሬም ጣርማ በር ላይ ሙሽራ መኪና አቁሞ ሲነሳ፣
"ፈቀቅ በይልን፣ እናት" ይሏታል ድንች ሻጯን፤
ከፎቶው ውጪ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከረጢቷን ሳታነሳ።
ከረጢቱ ግን ይወጣል በፎቶው፣ በአንድ ጥግ፤
በኋላ በስልክ ይጠፋል፣ በጣት ደረግ ደረግ።

እኔስ? በእጄ የያዝኩት እንጨት ከየት የመጣ ነው?
ከዚያው ተራራ ጎን ነው፣ በሴት ጀርባ የወረደው፤
ሃምሳ ብር አስቀንሼ፣ ዓይኗን ሳላይ የገዛሁት፣
ሸካራውን ልጌ ልጌ "የኔ ሥራ" ያልኩት።

ክፈፉን ሠራሁት። በድሮው ልክ፣ ከአንድ ጣት በቀር፤
አንዷን ጣት ለቀቅኩላት፣ በግራ በኩል፣ ከሥር።
ተረከዟ ብቻ ወጣ፣ ከጭቃው የማይለይ፣
አውቆ ላልፈለገው ሰው ጭራሽ የማይታይ።

ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ተደወለልኝ፤
"አናጢው፣ ጥጉ ላይ እድፍ አለ፤ ና ጥረግልኝ።"
እሺ አልኩት።
አልሄድኩም እስካሁን።